ኩር፦ የብረት ማቅለጫው ስምና የአባቶቻችን ወናፍ

ከሃይፋ ወደ ዓኮ በሚወስደው መንገድ የቅርያቱን ሰፈሮች አልፈው ዓኮ ከመድረስዎ በፊት የብረት ፋብሪካዎች የቆሙበት አካባቢ አለ። በዕብራይስጥ «ኪርያት ሃፕላዳ» ይባላል። ፕላዳ ማለት እኛ አረብ ብረት የምንለው ነው፤ ስለዚህ ስሙ «የአረብ ብረት ከተማ» እንደ ማለት ይሆናል። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ መጥተው በዓኮ አቅራቢያ በሐጽሮት ያሳፍ የካራቫን ሰፈር የኖሩ ቤተሰቦች ስሙን ሳይሰሙ አይቀሩም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅርቡ የመጡ ዓሊም ወገኖቻችን ወደ ቢሮአችን እየመጡ ስለ ብረት ሥራ ይጠይቁናል። ፋብሪካው የማን ነው? ሥራው ይከብዳል ወይ? ልጄ ቢገባበት ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም። ቢሆንም ያነበብነውንና ያየነውን በአንድ ላይ አሰባስበን ለመጻፍ ወስነናል፤ ምክንያቱም ነገሩ የሥራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የብረት ሥራ በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ የቆየ ቁስል አለበት፤ ቁስሉም እስከ ዛሬ ድረስ በሥራ ማመልከቻ ቅጽ ላይ ሲታይ እናያለን። ወደዚያ እንደርሳለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። ኪርያት ሃፕላዳን ያቋቋመው ድርጅት «ኩር» ይባል ነበር። ኩር ማለት በዕብራይስጥ ብረት የሚቀልጥበት ምድጃ ማለት ነው። ቃሉ አዲስ አይደለም፤ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 4 ቁጥር 20 ላይ አባቶቻችን የወጡበትን የግብፅ ባርነት ከብረት ማቅለጫ ጋር ያመሳስለዋል፤ በዕብራይስጡ ቃሉ ይኸው ኩር ነው። መንግሥት በተመሠረተባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ደግሞ የሀገሪቱ መሪዎች ከየአገሩ የመጣውን ሕዝብ ወደ አንድ እስራኤላዊነት እንለውጣለን ሲሉ ሐሳቡን «ኩር ሂቱኽ» አሉት፤ ሰው ሁሉ ገብቶ ቀልጦ አንድ ሆኖ የሚወጣበት ምድጃ ለማለት ነው። ያ ሐሳብ በብዙ ቤተሰብ ላይ ምን እንዳደረሰ ከሞሮኮና ከየመን ከመጡት ጎረቤቶችዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ማቅለጫው እንዴት ይሠራል?

በአዲስ አበባ ያደረ ሰው «ቁራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን አሮጌ ዕቃ ገዢ አይረሳውም። እዚህም «አልተ ዛኽን» እያለ በድምፅ ማጉያ የሚጮኽ መኪና በሰፈራችን ያልፋል። ቃሉ የይዲሽ ነው፤ ትርጉሙም አሮጌ ዕቃ ማለት ነው። የተበላሸ ማጠቢያ መኪና፣ የተሰበረ የብረት አልጋ፣ የዛገ ቧንቧ፣ የተጨፈለቀ አውቶሞቢል ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መጨረሻው ማቅለጫው ነው። ይህ ቁርጥራጭ በዕብራይስጥ «ግሩታኦት» ይባላል።

ብረት በዓለም ላይ በሁለት ዋና መንገድ ይሠራል። አንደኛው ከመሬት የወጣውን የብረት ማዕድን ከድንጋይ ከሰል በተሠራ ኮክ አቅልጦ ማውጣት ነው። እስራኤል ለዚህ የሚሆን የብረት ማዕድንም ሆነ የድንጋይ ከሰል አታወጣም። ሁለተኛው መንገድ አንድ ጊዜ ብረት የሆነውን ቁርጥራጭ መልሶ በኤሌክትሪክ ማቅለጥ ነው፤ ለዚህ ማዕድን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ግሩታኦትና ብዙ ኤሌክትሪክ ነው። ይህን ዓይነቱን ምድጃ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ለብረት ሥራ ያዋለው ፖል ኤሩ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር፣ በተለይ ማዕድን በሌለበት፣ ብረት የሚቀልጠው በዚህ መንገድ ነው። በአሽዶድ ያለው የሁዳ የተባለው የብረት ፋብሪካም ቁርጥራጭ ብረት ሲያቀልጥ የኖረው በዚህ ዓይነት ምድጃ ነው።

ምድጃውን እንደ ትልቅ ጋን ያስቡት። ውስጡ እሳት በሚችል ጡብ ተለብጧል። ክዳኑ ይነሣና ወደ ጎን ይዞራል፤ ክሬን ቁርጥራጩን በትልቅ የብረት ቅርጫት አንጠልጥሎ ያመጣና ከላይ ያራግፈዋል። ክዳኑ ሲመለስ በላዩ ባሉት ሦስት ቀዳዳዎች ሦስት የግራፋይት ምሰሶዎች ወደ ውስጥ ይወርዳሉ። ምሰሶዎቹ የዛፍ ግንድ ያህል የወፈሩ ናቸው። ጫፋቸው ወደ ብረቱ ሲቀርብ ኤሌክትሪኩ ከምሰሶው ወደ ብረቱ ይዘላል። ይህ መዝለል ከመብረቅ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ሙቀቱ ከ3,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ድምፁም በአጠገቡ ቆሞ መነጋገር አያስችልም። ብረቱ 1,600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደ ውሃ ይሆናል። አንድ ቶን ብረት ለማቅለጥ 400 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። ይህ አንድ ቤተሰብ በቤቱ ለሳምንታት የሚያነደው መብራት ነው። እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ኤሌክትሪክ በሚረክስበት ሰዓት፣ በሌሊት፣ መሥራት የሚወዱት ስለዚህ ነው፤ የሌሊት ፈረቃም የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ምድጃው ኖራ ይጨመራል። ኖራው ቆሻሻውን እየያዘ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ይህ ዝቃጭ ተገፍፎ ይወጣል። ከዚያ ምድጃው ዘንበል ይልና የቀለጠው ብረት ወደ ትልቅ ባልዲ ይገለበጣል፤ ከባልዲው በውሃ በሚቀዘቅዝ ቅርጽ ውስጥ እያለፈ ረጅም አራት ማዕዘን ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ እንደገና ግሎ በመዳመጫ ጥቅል ብረቶች መካከል እየተላለፈ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በመጨረሻም እኛ በአገር ቤት ፌሮ የምንለው፣ እዚህ «ባርዜል ሊብንያን» የሚባለው ሆኖ ይወጣል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በተሠሩ ቤቶች ያለው ማማድ፣ ማለትም ከሮኬት የሚጠብቀው ክፍል፣ ግድግዳው ይህን ፌሮ የታጨቀ ነው። ከግድግዳው ጀርባ ያለው የአንድ ሰው አሮጌ ማጠቢያ መኪና ሊሆን ይችላል ማለት ነው!

አንድ ነገር እናክል፤ ለእኛ ደስ ያሰኘን ስለሆነ ነው። ቁርጥራጩ ውስጥ መዳብ ካለ፣ ለምሳሌ ከመኪና ሽቦ የቀረ፣ ምድጃው ሊያወጣው አይችልም። ዝገቱ ይለወጣል፣ ቀለሙ ይቃጠላል፣ መዳቡ ግን ከብረቱ ጋር ይኖራል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ቁርጥራጩን ከመክተታቸው በፊት በጥንቃቄ ይለያሉ። «ኩር ሂቱኽ» ያሉት መሪዎች ይህን የሚነግራቸው የብረት ሠራተኛ ቢጠይቁ መልካም ነበር።

አደጋውን መደበቅ አንፈልግም። በማቅለጫ ቤት ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። እርጥብ ቁርጥራጭ ወይም አፉ የተዘጋ የጋዝ ሲሊንደር ከቀለጠ ብረት ጋር ሲገናኝ ውሃው ወይም ጋዙ በቅጽበት ይስፋፋና ይፈነዳል። ከዚህ ሌላ ዚንክና እርሳስ ያለበት ብናኝ ከምድጃው ይወጣል፤ በማጣሪያ ካልተያዘ በሠራተኛውም በአካባቢውም ላይ ጉዳት ያደርሳል። የጆሮ ነገር ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሰው መስማቱ መቀነሱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሚስቱ ስትነግረው ነው።

አሠሪውም የሠራተኛው ማኅበርም አንድ ሲሆን

የሠራተኞች አጠቃላይ ማኅበር የሆነው ሂስታድሩት የተመሠረተው እዚሁ ሃይፋ ውስጥ፣ በታኅሣሥ 1920፣ በቴክኒዮን ሕንፃ ነው። ሃይፋ ለረጅም ዘመን «ቀይዋ ሃይፋ» የተባለችው የሠራተኞች ከተማ ስለ ነበረች ነው። ሂስታድሩት ግን በሌላ አገር እንደምናውቀው ለደመወዝ የሚከራከር ማኅበር ብቻ አልነበረም። ሥራ ያልነበረበት ዘመን ስለ ነበር ሥራውንም ራሱ ፈጠረ። መንገድ የሚያነጥፍና ቤት የሚሠራ «ሶሌል ቦኔ» የተባለ የሥራ ተቋራጭ ነበረው። ሶሌል ቦኔ በሂሌል ዳን መሪነት ኢንዱስትሪ ውስጥ ሲገባ በ1944 ኩርን አቋቋመ። በሃይፋ የባሕር ሰላጤ ያሉት የቩልካን ብረት ማቅለጫና የፌኒኪያ የመስታወት ፋብሪካ ከመጀመሪያዎቹ ንብረቶቹ ነበሩ።

ኪርያት ሃፕላዳ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ያ ዘመን ምን እንደሚመስል ለማሰብ ለእርስዎ አይከብድም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሀገሪቱ ሕዝብ እጥፍ ሆኖ ነበር፤ ሰዎች ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ፣ ከሩማንያ መጥተው በ«ማዕባሮት»፣ በድንኳንና በቆርቆሮ ሰፈር፣ ይኖሩ ነበር። ቤት ለመሥራት ፌሮ ያስፈልጋል፤ ፌሮ ከውጭ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ የለም። ለመጡት ሰዎች ደግሞ ሥራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፋብሪካው ሁለቱን ችግር ባንድ ጊዜ ይፈታል ተብሎ ታሰበ። ዛሬ በሰላጤው ዙሪያ ያሉ የብዙ ቤተሰቦች አያቶች የመጀመሪያ እንጀራቸውን የበሉት በዚህ ዓይነት ፋብሪካ ነው።

በ1958 ሶሌል ቦኔ ከመጠን በላይ ገዝፏል ተብሎ በሦስት ሲከፈል ኢንዱስትሪው ለብቻው በኩር ስም ቆመ። ከዚያ በኋላ እድገቱ ፈጣን ነበር። ከ1968 እስከ 1977 የመሩት ሜይር ዓሚት፣ ከዚያ በፊት የሞሳድ ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል ናቸው። ኩር በስልክ በቴልራድ፣ በኤሌክትሮኒክስ በታዲራን፣ በእርሻ ኬሚካል በማኽቴሺምና በአጋን፣ እንዲሁም በመኪና ጎማ፣ በምግብና በንግድ ገባ። ዮቅነዓም ያለው ሶልታም መድፍ ይሠራ ነበር፤ ድስትም ይሠራ ነበር። የሶልታም ድስት ምናልባት አሁንም በማድ ቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ ማድ ቤት ይኖራል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኩር ከ30,000 በላይ ሠራተኛ ያስተዳድር ነበር፤ ከሀገሪቱ የኢንዱስትሪ ምርትም አንድ አሥረኛ ያህሉ ከእርሱ ይወጣ ነበር።

የዚያን ዘመን የኩር ሠራተኛ ኑሮ እንመልከት። አሠሪው የሂስታድሩት ድርጅት ነው። ከአሠሪው ጋር ቢጣላ የሚከራከርለት ማኅበር ሂስታድሩት ነው። ቢታመም የሚሄድበት ኩፓት ኾሊም ክላሊት የሂስታድሩት ነው። ጡረታውም በሂስታድሩት ቤት ነው። በወረቀት ላይ ሠራተኛው ራሱ የፋብሪካው ባለቤት ነበር። ይህ አሠራር ብዙ መልካም ነገር አድርጓል፤ ሐኪምና ጡረታ የማያውቀውን ሰው ባለ ሐኪምና ባለ ጡረታ አድርጓል። ነገር ግን ሁሉ እንቁላል በአንድ ቅርጫት ነበር። ፋብሪካው ሲታመም ማን ለማን ይከራከራል?

የታመመበት ዘመን

በኅዳር 1984 የሙሴ ዘመቻ ሲጀመር፣ ከሱዳን በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ሲመጡ፣ እስራኤል በከባድ የዋጋ ንረት ውስጥ ነበረች። በዚያ ዓመት ብቻ ዋጋ ከ400 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር። በሐምሌ 1985 መንግሥት ንረቱን የሚገታ ጠንካራ የኢኮኖሚ እቅድ አወጣ። ንረቱ ቆመ። ወለዱ ግን ሰማይ ወጣ፤ በንረት ዘመን እየተበደሩ መኖር የለመዱ ትልልቅ ድርጅቶች እዳቸው ታወቀ።

ከሁሉ የተናጋው ኩር ነበር። አትራፊው ፋብሪካ የሚከስረውን ይሸከም ነበር። አንዳንዱ ፋብሪካ ቢከስርም አይዘጋም ነበር፤ በሩቅ ከተማ የአንድ ፋብሪካ መዘጋት የከተማውን ሁሉ ሥራ መዝጋት ስለሆነ ነው። ይህን ስንፍና ነው ብለን ለመፍረድ እንቸገራለን። እኛ ሥራ ባጣ ሰው ቤት ገብተን ስለምንወጣ፣ ፋብሪካ ከመዝጋት ያመነቱትን ሰዎች ልባቸውን እናውቃለን። እዳው ግን አልጠበቀም። በ1988 ባንከርስ ትረስት የተባለ የአሜሪካ ባንክ ኩር እዳውን ስላልከፈለኝ ይፍረስልኝ ብሎ በእስራኤል ፍርድ ቤት አመለከተ። በዚያ ዓመት ሥራ አስኪያጅነቱን የተረከቡት ቢንያሚን ጋኦን ፋብሪካዎችን ሸጡ፣ ዘጉ፣ አዋሐዱ፤ ሠራተኛው ወደ ግማሽ ገደማ ቀነሰ። በ1991 ከባንኮቹ ጋር ስምምነት ተደርሶ ድርጅቱ ከመፍረስ ዳነ።

1991ን ልብ ይበሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ገቡ። ከሶቭየት ኅብረትም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ዓሊም እየገቡ ነበር። በ1950ዎቹ የመጡትን የተቀበለው የፋብሪካ በር በዚህ ጊዜ ሰው እያስወጣ ነበር። ሽማግሌዎቻችን «እኛ ስንመጣ ሥራ አልነበረም» ሲሉ ወጣቶቹ አንዳንድ ጊዜ ሰበብ ይመስላቸዋል። ሰበብ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በ1995 ሂስታድሩት የቀረውን ድርሻ የዲስኒ ቤተሰብ ለሆነው ሻምሮክ ለተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሸጠ። በ1997 የካናዳዊው ቻርለስ ብሮንፍማን ክላሪጅ፣ በ2006 ደግሞ አይዲቢ የተባለው ቡድን ተቆጣጠረው። የብረቱም፣ የስልኩም፣ የኬሚካሉም ሥራ በየዘመኑ ለሌላ እየተሸጠ ሄደ። በ2011 የማኽቴሺም አጋን አብዛኛው ድርሻ ለቻይና መንግሥት ኩባንያ ተላለፈ። ሂስታድሩትም ከ1995 ወዲህ ክሊኒኩ ከእርሱ ተለይቷል፤ ዛሬ የሠራተኛ ማኅበር ነው እንጂ የማቅለጫ ባለቤት አይደለም።

የአባቶቻችን ብረት

አሁን ወደ ቁስሉ እንምጣ። በጎንደርና በአካባቢዋ አባቶቻችን ርስት በተነፈጉበት ዘመን የቀራቸው እጃቸው ነበር። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፣ ድንጋይ አነጸ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች። የወለቃ ሸክላ ዝናው ይታወቃል። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ከወናፋችንና ከመዶሻችን ይወጣ ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት ገበሬው ማረሻውን ይዞ ይመጣል፤ የፍየል ቆዳ ወናፍ ይነፋል፣ ከሰሉ ይግላል፣ ጉጠቱ ብረቱን ይይዛል፣ መዶሻ በመስፍ ላይ ይወርዳል። ማረሻ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እንጀራ የለም።

ያው ገበሬ ግን ማረሻውን ተቀብሎ ሲሄድ «ቡዳ» ይለን ነበር። ብረት ከእሳት የሚያወጣ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። «ጠይብ» የሚለው ቃል፣ የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ማለት ሆኖ ሳለ፣ ስድብ ሆነ። በጎረቤት ልጅ ከታመመ የሚጠረጠረው ቀጥቃጩ ነበር፤ በዚህ ምክንያት የተደበደበም የተገደለም አለ። ይኸው አገር አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በኩራት ያወራል፤ ብረትና ነሐስ የሚያውቀውን ድሃ ግን በሩ ላይ አያስቀምጥም ነበር።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ቤተሰብ ሙያውን ደበቀ። ከተማ የገቡ፣ እዚህ ለመምጣት በጎንደርና በአዲስ አበባ ብዙ ዓመት የጠበቁ ቤተሰቦች፣ ልጆቻቸው የአያታቸው መዶሻ የት እንደነበረ እንኳ እንዳያውቁ አድርገው አሳደጉ። እዚህም ያየነው ይህንኑ ነው። አንድ አባት ለሊሽካት ታዓሱካ ቅጽ ሲሞሉ አብረናቸው ነበርን። ሙያ በሚለው ላይ «የለም» ብለው አስጻፉ። ከቤተሰቡ ብረት እንደሚያውቁ ሰምተን ስለነበር «አባባ፣ ብረት ይሠሩ አልነበረም?» አልናቸው። «ያንን ስም እዚህ ድረስ ልታመጡብኝ ነው?» አሉን። ዝም አልን። ቅጹም «የለም» እንደሚል ተላከ፤ የተሰጣቸው ሥራ መጥረግ ነበር። መጥረግ ነውር ነው አላልንም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ብረት ያወቀ ሰው፣ ስድቡን በመፍራት ብቻ፣ ምንም የማያውቅ ሰው ሆኖ ሲመዘገብ ማየት ያንገበግባል።

ስለዚህ ግልጽ አድርገን እንናገር። በዕብራይስጥ ቀጥቃጭ «ናፓኽ» ይባላል፤ ቃሉ ራሱ «ነፋ» ከሚለው ከወናፍ ሥራ የመጣ ነው። የብረት በርና መስኮት የሚሠራው «ማስገር»፣ በያጁ «ራታኽ» ይባላል። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ቡዳ የለም። ሊሽካ ውስጥ የተቀመጠችው ጸሐፊ ናፓኽ ሲሏት ምን ያህል ዓመት ብላ ነው የምትጠይቅዎ።

ማጋነን ግን አንወድም። ወናፍ የነፋ ሰው በማግሥቱ የኤሌክትሪክ ማቅለጫ አይመራም፤ ዛሬ ያ ሥራ ከመቆጣጠሪያ ክፍል በኮምፒዩተር ነው የሚመራው፤ ዕብራይስጥና ሥልጠና ይጠይቃል። የጋለ ብረት ቀለሙን አይቶ ሙቀቱን የሚያውቅ ዓይንና ብረት የማይፈራ እጅ ግን በማስገርያ ውስጥ፣ በብየዳ፣ በጥገና ሥራ ዋጋ አለው። በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ብየዳ ቤት የሠሩ ወጣቶች ደግሞ ከመንገዱ ግማሹን ሄደዋል። የጎደላቸው ተዑዳ፣ ማለትም የሙያ ማረጋገጫ ነው፤ ለዚህ መንግሥት የሙያ ሥልጠና፣ በዕብራይስጥ «ሀኽሻራ ሚክጾዒት»፣ አለው። የሊሽካ ሠራተኛው ሳይጠየቅ ላይነግርዎ ይችላል፤ በስሙ ጠርተው ይጠይቁ።

ከመፈረምዎ በፊት

የኩርን ታሪክ ያነሣነው ለዚህም ጭምር ነው። በ1980ዎቹ የኩር ሠራተኛ ድርጅቱ ይወድቃል ብሎ አላሰበም። ሲወድቅ ለሰውየው የቀረለት በወረቀት የተጻፈው ብቻ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው ትልቅ ነው ተብሎ ወረቀት አይታለፍም።

ሥራ በጀመሩ በ30 ቀን ውስጥ አሠሪው ደመወዝዎን፣ የሥራ ሰዓትዎንና የሥራዎን ዓይነት የሚገልጽ ጽሑፍ ሊሰጥዎ ሕግ ያስገድደዋል። በየወሩ «ትሉሽ»፣ የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት፣ ይሰጥዎታል፤ አይጣሉት። ከዚህ በፊት ፔንስያ ያልነበረው ሠራተኛ ስድስት ወር ሲሞላው አሠሪው ፔንስያ መክፈል መጀመር አለበት። ከደመወዝዎ 6 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 6.5 በመቶ ለጡረታ፣ 6 በመቶ ደግሞ ለ«ፒጹዪም»፣ ለስንብት ካሳ፣ ይጨምራል። ብዙ ሰው የ6 በመቶውን ቅነሳ ሲያይ ገንዘቤን ወሰዱብኝ ብሎ ይቆጣል። ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ ከእርሱ ጋር ከእጥፍ ትንሽ የሚበልጥ የአሠሪ ገንዘብ ይመጣልዎታል።

በብረት ቤቶች ብዙ ዓሊም የሚቀጠሩት በ«ካብላን»፣ ማለትም ሰው አቅራቢ በሆነ ድርጅት በኩል ነው። በካብላን በኩል በአንድ ቦታ ዘጠኝ ወር ከሠሩ በኋላ በሕጉ መሠረት የዚያ ቦታ ሠራተኛ ነው የሚሆኑት። ዘጠኝ ወር ሊሞላ ሲል «ትንሽ ዕረፍት ውሰድ» ከተባሉ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ወደ እኛም ይምጡ።

የራስ ቆብ፣ ጓንት፣ የጆሮ መከላከያና ጫማ አሠሪው በነጻ ይሰጣል። አደጋውን አሠሪው ሊያስረዳዎ፣ እንደገባዎትም ሊያረጋግጥ ግዴታው ነው፤ በዕብራይስጥ ያልገባዎትን ገብቶኛል ብለው አይፈርሙ። እዚህ ላይ የእኛ ባህል ይጎዳናል፤ አለቃን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። በቀለጠ ብረት አጠገብ ግን አለመጠየቅ ነው አደጋው።

ጉዳት ከደረሰ፣ ትንሽ ቃጠሎም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ለአለቃዎ ይንገሩና «ጦፌስ 250» የተባለውን ቅጽ ይጠይቁ። በእርሱ ወደ ኩፓት ኾሊም ሲሄዱ ሕክምናው በሥራ አደጋ ስም ይመዘገባል፤ ከቢቱአኽ ለኡሚ የሚገባዎትን ለመጠየቅም መነሻው ይህ ነው። ቤት ሄደው ቅቤ ቀብተው በማግሥቱ ቢመለሱ፣ ከወር በኋላ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ከሥራው መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል።

ትሉሽዎን ማንበብ ካስቸገርዎ በሰፈርዎ ወዳለው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ይዘውት ይምጡ። ያለፈውን ወር ብቻ ሳይሆን የሦስት ወሩን ያምጡ፤ የተሳሳተው ነገር የሚታየው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው።